ላብራቶሪው አለ፣ ውጤቱስ?

ነጭ ጠመኔ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አንድ ነገር ሲያብሰለስለኝ ከርሟል፣ እዚህ ላውጣውና ተንፈስ ልበል።

ትምህርት ቤታችን ከሦስት ዓመት በፊት አዲስ ላብራቶሪ ተሠራለት። ዕቃው በካርቶን በካርቶን ገባ። ማይክሮስኮፕ በሉ፣ መልቲሜትር በሉ፣ ቡሬት በሉ፣ የሌለ ነገር የለም። ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሳን። እኔም ደስታዬ ከልብ ነበር፣ በቃ ልጆቹ ፊዚክስን በዓይናቸው ሊያዩት ነው ብዬ። ይኸው ሦስት ዓመት ሞላው፣ የመልቀቂያ ፈተና ውጤታችን ካለበት ንቅንቅ አላለም። የፊዚክሱማ እንዲያውም ትንሽ ሸርተት ብሏል። ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት ተነስተው «ታዲያ ያ ሁሉ ገንዘብ ምን ፈየደ?» ሲሉ ሁላችንም ጣራ ጣራ አየን።

እና የምጠይቃችሁ፦ ዕቃና ሕንፃ የተማሪን ውጤት በእርግጥ ይለውጣል? ወይስ ራሳችንን እየሸነገልን ነው? «ጎበዝ መምህር ዛፍ ሥርም ያስተምራል» የሚል ሰው በየቦታው አለ። እሺ፣ ዛፍ ሥር ፓወር ሰፕላዩን የት ልሰካው?

ቁጥር ይናገር

መምህር፣ በዚህ ጥያቄ ሰዎች መጨቃጨቅ ከጀመሩ 60 ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ጄምስ ኮልማን የሚባል የሶሺዮሎጂ ምሁር አሜሪካ ውስጥ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተማሪዎችን ያካተተ ጥናት መርቶ ነበር። ብዙ ሰው የጠበቀው የትምህርት ቤቱ ዕቃና ሕንፃ ልዩነቱን ያመጣል የሚል መልስ ነው። የወጣው ሌላ ሆነ። ውጤቱን አጥብቆ የያዘው የልጁ ቤተሰብና አብረውት የሚማሩት ልጆች ሆኑ፣ የዕቃው ድርሻ ትንሽ ነበረች። «ዕቃ ምንም አያመጣም» የሚል ሁሉ እስከ ዛሬ ይህቺን ይመዛል።

ቀጣዩን ግን ሲጠቅሱት አትሰማም። በ1983 ሄይንማንና ሎክስሊ የ29 አገሮችን የአንደኛ ደረጃ መረጃ ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያዩት፣ አገሩ ድሃ በሆነ ቁጥር የትምህርት ቤቱና የመምህሩ ጥራት በውጤቱ ላይ ያለው ክብደት እየጨመረ፣ የቤተሰቡ ኑሮ ድርሻ እየቀነሰ ይሄዳል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ሁሉም ትምህርት ቤት መጽሐፍና መብራት ባለው አገር ልዩነቱ ያለው በሁለት ላብራቶሪና በሦስት ላብራቶሪ (ላብ) መካከል ነው። መጽሐፉ ራሱ በሌለበት ግን ልዩነቱ በመኖርና ባለመኖር መካከል ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን። ላብ ያላቸው ትምህርት ቤቶች ጥሩ ውጤት አላቸው ሲባል ላቡ አመጣው ብላችሁ እንዳትሮጡ። ላብ፣ አቅም ያለው ወላጅና ቶሎ ቶሎ የማይለቅ መምህር ብዙ ጊዜ ተያይዘው ነው የሚመጡት።

የኋላ ወንበር

እኔ ስለ ጥናት አላውቅም፣ የራሴን ልንገራችሁ።

9ኛ ክፍል ሂሳብ ዓመቱን ሙሉ ስወድቅ ነው የከረምኩት። ቁመቴ ረጅም ስለሆነ የመጨረሻው ዴስክ ላይ ነበር የሚያስቀምጡኝ። ሰሌዳችን ያረጀ ነው፣ ጥቁሩ ተፍቆ ያብለጨልጫል። ጠዋት በመስኮቱ ፀሐይ ሲገባ ግማሽ ሰሌዳ መስታወት ይሆናል። ቲቸር የሚጽፈው ቁጥር ይታየኛል፣ ማይነሷ ግን አትታየኝም። ትንሽ ጭረት ናት እኮ! እሱ ከሦስት ኤክስ በፊት ማይነስ አድርጓል፣ እኔ ደብተሬ ላይ ሦስት ኤክስ ብቻ። ቤት ሄጄ እታገላለሁ፣ መልሱ ከመጽሐፉ ጀርባ ካለው ጋር አልገጥም ይለኛል። እና ጥፋቱ የሰሌዳው ነው ብዬ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም፣ ደደብ ነኝ ብዬ ነው ያመንኩት።

10ኛ ክፍል ሌላ ሴክሽን ደረሰኝ። ሰሌዳው አዲስ የተቀባ፣ እኔም ሁለተኛ ረድፍ። አንደኛ ወጣሁ ብዬ አልዋሽም፣ ግን አለፍኩ። ያንን የድሮውን ሰሌዳ ለማዳን የሚያስፈልገው አንድ ጣሳ የማያብለጨልጭ ቀለም ነበር።

ላብ ኮት

የላብ ቴክኒሽያን ነኝ፣ 11 ዓመት። ነጭ ጠመኔ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እውነቱን ንገረኝ። የላቡ ቁልፍ ማን ጋ ነው? ባለፈው ዓመትስ ተማሪ በገዛ እጁ ዕቃ ይዞ የሠራው ስንት ቀን ነው? አንተ ፊት ቆመህ ያሳየኸውን አትቁጠርብኝ።

ነጭ ጠመኔ

ወይ ጣጣዬ። ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው። ከአንድ ቀን በፊት በጽሑፍ ይጠየቃል፣ ኃላፊዋ ያን ቀን ካልገቡ ቀረ ማለት ነው። ባለፈው ዓመት ላብ የገባነው አራት ጊዜ ነው። ከአራቱ ሦስቱን ያሳየሁት እኔ ነኝ፣ ልጆቹ ተንጠራርተው አዩ።

እውነቱን ካወጣሁት ደግሞ ቁልፉን አጥብቄ የማልጠይቅበት ሌላ ምክንያት አለ። ዕቃውን ፈርሜ ነው የማወጣው። የተሰበረ ነገር ከደሞዜ ይቆረጣል። 58 ጎረምሳ ይዤ ገብቼ መስታወት ላድላቸው? ቤቴን ላፍርስ?

ላብ ኮት

እሱን ነበር የጠበቅኩት። ስድስት ዓመት የሠራሁበት ትምህርት ቤትም ቁርጥ እንደዚሁ ነበር። መዝገብ ላይ ያለ ዕቃ ሳይነካ ከኖረ ማንም ምንም አይባልም። ኦዲተር ይመጣል፣ ይቆጥራል፣ ሙሉ ነው ብሎ ይፈርማል። ተነክቶ ከተሰበረ ግን የሚጠየቅ ሰው አለ። እንግዲህ በዚህ ሕግ ብልህ ሰው ምን ያደርጋል? ይቆልፋል። እናንተ ጋ ያለው ላብራቶሪ ሳይሆን የዕቃ ሙዚየም ነው፣ አትቀየመኝ።

ልጅ በእጁ ሲሠራ ምን እንደሚሆን ደግሞ ላሳይህ። ታይትሬሽን እናሠራለን፣ ቤዝ በጠብታ እየጨመሩ የአሲድን መጠን መለካት ማለት ነው። ፍላስኩ ውስጥ አሲድ ከፌኖልፍታሊን (ቤዝ ሲበዛ ሮዝ ከሚሆን ፈሳሽ) ጋር፣ ቡሬቱ (መለኪያ ያለው ባለ ቧንቧ የመስታወት ቱቦ) ውስጥ ቤዝ። ልጁ ቧንቧውን ከፈት ያደርጋል፣ ጠብ፣ ጠብ። በወደቀበት ቦታ ሮዝ ብልጭ ይልና ሲነቀንቀው ይጠፋል። ይሰለቻል፣ ትንሽ ለቀቅ ያደርገዋል፣ ባንዴ ደማቅ ሮዝ! አለፈው። ይደፋና እንደገና ይጀምራል። በሁለተኛው ትንፋሹን ይዞ ነው የሚሠራው። አንዲት ጠብታ ትወርዳለች፣ ፈዘዝ ያለች ሮዝ ትሆናለች፣ ቢነቀንቃት አትጠፋም። ያኔ ቀና ብሎ የሚያይህ አስተያየት አለ። ይህ ልጅ ፈተና ላይ «የመጀመሪያው ንባብ ለምን ከአማካዩ ይወጣል?» ቢባል አይሸመድድም፣ እጁ ያውቀዋል። ከሩቅ ተንጠራርቶ ያየው ግን ያየው ቀለም ብቻ ነው።

የሁለት ልጆች እናት

ወንድሞቼ፣ ስለ ቡሬትና ስለ መልቲሜትር ታወራላችሁ፣ እኔ ወደ መሬት ላውርዳችሁ።

ሴት ልጄ 10ኛ ክፍል ናት። ከሰዓት በኋላ ራሷን ያማት ነበር፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል። ዓይን አስመረመርኳት፣ ደህና ነው። ደም ተመረመረች፣ ደህና ነው። በኋላ ሐኪሟ ብልህ ሰው ናቸው፣ እኔን ከክፍሉ አስወጡና «በቀን ስንት ውሃ ትጠጪያለሽ?» ብለው ጠየቋት። ለካ ከቤት ከወጣች እስክትመለስ ጠብታ አትቀምስም። ለምን? ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ላለመግባት። በሩ መቀርቀሪያ የለውም፣ ውሃ የለውም፣ ለወንዱም ለሴቱም አንድ መስመር ነው። የወር አበባዋ ሲመጣ ደግሞ ሁለት ቀን ትቀራለች፣ እኔ ጉንፋን ነው እያልኩ ማስታወሻ ስጽፍላት ነበር። በሁለት ቀን ውስጥ ስንት ትምህርት እንደሚያልፍ እናንተ መምህራን ታውቁታላችሁ።

ውጤት ውጤት ትላላችሁ፣ የልጅቷ ጭንቅላት ከቀኑ ሰባት ሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ የለም እኮ።

ቁጥር ይናገር

እህቴ፣ ያልሽው በቁጥርም የታየ ነው። ሕንድ ውስጥ በየትምህርት ቤቱ መፀዳጃ ቤት ሲገነባ ምን እንደተከተለ ያየ ጥናት በ2017 ታትሟል። የተመዝጋቢው ቁጥር ጨመረ። ትንንሾቹ ልጆች የጋራም ቢሆን ጠቅሟቸዋል። ለአቅመ ሔዋን የደረሱት ሴቶች ላይ ግን ለውጥ ያመጣው ለብቻቸው የተለየው ብቻ ነው። «መፀዳጃ ቤት አለ» ብሎ ቅጽ ላይ ምልክት ማድረግና ልጅቷ የምትገባበት መሆኑ ይለያያል ማለት ነው።

ሙቀትም አለ። አሜሪካ ውስጥ 10 ሚሊዮን ገደማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ደጋግመው የወሰዱትን ፈተና ያየ፣ በ2020 የታተመ ጥናት አለ። ማቀዝቀዣ በሌለው ትምህርት ቤት የትምህርት ዓመቱ በአንድ ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ ብዙም በማይበልጥ፣ ከሞቀ የዚያ ዓመት ትምህርት በ1 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ማቀዝቀዣ ያላቸው ላይ ጉዳቱ ከሞላ ጎደል ጠፋ። ፈተናው ቀን የነበረውን ሙቀት አይደለም የምላችሁ፣ ከፈተናው በፊት የነበረውን ዓመት ነው። በቆርቆሮ ጣራ ሥር 60 ልጅ አጭቆ «ተኝታችሁ ነው?» የሚል መምህር ይህን ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል።

የኋላ ወንበርም ብቻህን አይደለህም። ቻይና ውስጥ 252 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ ሙከራ ተደርጎ፣ ማየት ለሚቸግራቸው ልጆች መነጽር በነፃ ሲሰጥ የሂሳብ ውጤታቸው ከፍ ብሏል። ይህ በ2014 የወጣ ነው። ሰሌዳውን ማየት ራሱ መሣሪያ ነው።

ያልሠራውንም ልንገራችሁ፣ አንድ ጎን ብቻ እንዳይሆንብኝ። ፔሩ ለገጠር ትምህርት ቤቶች ላፕቶፕ አደለች። 319 ትምህርት ቤቶችን የተከታተለው ጥናት በ2012 ሲወጣ በሂሳብም በቋንቋም የታየ ለውጥ የለም። ኬንያ ውስጥ ደግሞ መጽሐፍ በነፃ ታድሎ ነበር፣ ከአጥኚዎቹ አንዱ በ2019 የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመው ማይክል ክሬመር ነው። አማካይ ውጤቱ ንቅንቅ አላለም፣ የተጠቀሙት ድሮም ጎበዝ የነበሩት ናቸው። ለምን ቢባል፣ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ለብዙዎቹ ልጆች ሦስተኛ ቋንቋቸው። ማንበብ የሚችለው አነበበው፣ ሌላው ተሸክሞት ዞረ።

ኩራዝ

ይቅርታ አድርጉልኝና ይህ ሁሉ ሰበብ ነው። እኛ በኩራዝ አንብበን ነው እዚህ የደረስነው። አንድ መጽሐፍ ለስምንት ተማሪ፣ ወንበር የለም፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን። ማንም ስለ ሙቀትና ስለ ሰሌዳ ቀለም አላወራም። የፈለገ ልጅ ይማራል፣ ያልፈለገ ቤተ መንግሥት ብትሠራለትም አይማርም። የዛሬ ልጅ ስልኩን ቢያስቀምጥ ግማሹ ችግር ያልቃል።

የኋላ ወንበር

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አንድ ልጠይቅዎት። አንደኛ ክፍል አብረውዎት ድንጋይ ላይ ከተቀመጡት ውስጥ ስንቱ ጨረሱ? እርስዎ ደርሰዋል፣ እሰየው። ያልደረሱት ግን እዚህ መጥተው ኮሜንት አይጽፉም።

ኩራዝ

ከ40 ምናልባት አምስት። እሺ፣ ይህቺ ያዘችኝ። የስልኩን ግን አልተውም።

የድሮ ዳይሬክተር

ጡረታ ከወጣሁ ሰንበትበት ብያለሁ፣ ልጆቼ ናቸው ይህን ክር ያሳዩኝ። መምህር ነጭ ጠመኔ፣ የኔን ጥፋት ልንገርህ፣ ከጠቀመህ።

እኔ ዳይሬክተር ሳለሁ ሕንፃ መጠየቅ ቀላል ነበር። ሕንፃ ይመረቃል፣ ስም ይጻፍበታል፣ የሚረዳ አይጠፋም። ፊውዝ፣ አልኮል፣ ባትሪ፣ የሰሌዳ ቀለም፣ የሽንት ቤት መቀርቀሪያ ብለህ ግን ጠይቅ እስቲ። ማን ይመርቀዋል? አንድ ጊዜ የኬሚስትሪ መምህራችን ሦስት ወር ሙሉ ፌኖልፍታሊን ሲጠይቁኝ «ሚቀጥለው በጀት» እያልኩ ቆየሁ። ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ተንኖ አልቆ ነበር። ሚሊዮን የወጣበት ክፍል በአንዲት ጠርሙስ ምክንያት ዓመቱን ሙሉ ተዘጋ። ዛሬም ሲታወሰኝ ያንገበግበኛል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር አደረግን። አንደኛ፣ የመሰበር ኮታ አወጣን። በየዓመቱ ይህን ያህል ቡሬት፣ ይህን ያህል ቢከርና የሙከራ ቱቦ ይሰበራል ብለን አስቀድመን በጀት ያዝን። የተሰበረው መዝገብ ላይ ይጻፋል፣ ከደሞዝ አይቆረጥም። ሆን ብሎ ያጠፋ ብቻ ይጠየቃል። የንብረት ኃላፊው መጀመሪያ ተቆጥተውኝ ነበር፣ በኋላ እሳቸውም እፎይ አሉ፣ ሰው ላይ መፍረድ ደክሟቸው ነበርና። ሁለተኛ፣ ቁልፉን ከንብረት ክፍል አውጥተን ለሳይንስ ትምህርት ክፍል ኃላፊው ሰጠን።

አንድ ሦስተኛም አለ፣ እሱ እንኳ ምንም አላስወጣንም። ቤተ መጻሕፍታችን የሚዘጋው ተማሪ ሲወጣ፣ በምሳ ሰዓትም ጭምር ነበር። ማለትም ተማሪ ነፃ በሆነበት ሰዓት ሁሉ ዝግ ነው። የሠራተኞቹን ፈረቃ አዛውረን በምሳና ከትምህርት በኋላ ሁለት ሰዓት ከፈትነው። የመጡት መጽሐፍ የሚዋሱ አይደሉም፣ ቤታቸው ጠረጴዛና ጸጥታ የሌላቸው ናቸው። አንድ ልጅ ሁልጊዜ አንዱ ጥግ ላይ ይቀመጥ ነበር፣ የቤት ሥራውን ጨርሶም አይሄድም። አልጠየቅኩትም።

ላብ ኮት

ጋሼ፣ እርስዎን የመሰለ አለቃ ባገኝ ኖሮ ሥራ አልቀይርም ነበር።

ነጭ ጠመኔ፣ የመሰበሩ ነገር እስኪፈታ ቁጭ አትበል። የማይሰበረውን ጀምር። ፔንዱለም፦ አንድ ሜትር ክር፣ አንድ ድንጋይ። አሥር ጊዜ ደርሶ እስኪመለስ ያስቆጥሯቸው፣ 20 ሰከንድ ገደማ ይመጣል። ከዚያ ድንጋዩን በሌላ ከባድ ድንጋይ ይቀይሩ። ሁሉም «አሁን ይፈጥናል» ይላሉ። አይፈጥንም! እዚያ ላይ ነው ጭቅጭቁ የሚጀመረው፣ አንተ ዝም በል። ክሩን ወደ ሩብ ሜትር ሲያሳጥሩት ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፣ በሩብ አይደለም። ስኩዌር ሩቱ ከየት እንደመጣ ያኔ ይገባቸዋል። ለቦይል ሕግ (ጋዝ ሲታመቅ ግፊቱ ይጨምራል ለሚለው) ደግሞ መርፌ የሌለው ስሪንጅ ጫፉን በጣት ደፍኖ መግፋት መነሻ ይሆናል።

ይህን የምልህ ዕቃ አያስፈልግም ለማለት አይደለም። ሴልን በክርና በድንጋይ አታሳይም። ግን ማይክሮስኮፕም ቢሆን ቁጥሩን አስበው። 58 ልጅ፣ ስድስት ማይክሮስኮፕ ካለህ፣ በአንዱ ላይ አሥር ልጅ ነው። ከ40 ደቂቃ ለማደልና ለመሰብሰብ አሥር ይበላል። ለአንድ ልጅ ሦስት ደቂቃ ይደርሰዋል፣ ሁለቱን ፎከስ ሲፈልግ ያልፋል። ግማሹን ክፍል ላብ፣ ግማሹን ከሌላ መምህር ጋር ጥያቄ እንዲሠሩ ማድረግ ከቻልክ ወደ ስድስት ይጠጋል። ዕቃ ሳትገዛ በእጥፍ ጨመርክ ማለት ነው።

ነጭ ጠመኔ

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ጠፍቶ ቀረ እንዳትሉኝ።

የጋሼን ጽሑፍ አትሜ ለዳይሬክተራችን ሰጠሁ። የመሰበር ኮታውን ለአንድ ሴሚስተር እንሞክረው ብለዋል፣ ቁልፉም ወደ እኛ መጣ። ቁም ሳጥኑን ስንከፍት ግን ምን እንዳየን ታውቃላችሁ? ማይክሮስኮፖቹ ከነፋብሪካ ላስቲካቸው ናቸው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ። የአራቱ ሌንስ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነጭ ነገር አለ። ሻጋታ ነው አሉኝ። መልቲሜትሮቹ ውስጥ ባትሪው ፈስሶ መገናኛውን በልቶታል። እንዳይሰበር ብለን ነበር እኮ የቆለፍነው!

ሌላም አለ። ማክሰኞ ክፍሉ ባዶ ሲሆን ሰሌዳው ላይ ሁለት ኢኩዌሽን ጻፍኩና ሄጄ የመጨረሻው ዴስክ ላይ ተቀመጥኩ፣ ጠዋት፣ መስኮቱ ክፍት። የኋላ ወንበር፣ የራሴን ማይነስ እኔው አላየኋትም። ሰባት ዓመት በዚያ ሰሌዳ አስተምሬያለሁ።

የሁለት ልጆች እናት

የሴቶቹን ሽንት ቤት በርስ ሄደህ አየህልኝ?

ነጭ ጠመኔ

እህቴ፣ ሴት መምህራን አዩት። መቀርቀሪያ የለውም። ከስድስቱ በር አራቱ። ሐሙስ አናጺ ይመጣል ተብሏል፣ አርብ እነግርሻለሁ።

ላብ ኮት

ሻጋታውን በጨርቅ እንዳትፈትገው፣ ሌንሱን ትጭረዋለህ፣ ለሚያውቅ ሰው ስጠው። ደህናዎቹን ከላስቲኩ አውጣ፣ እርጥበት ያፍናል። ጫማና ቦርሳ ሲገዛ ውስጡ የሚገኘውን የሲሊካ ጄል ከረጢት ልጆቹ እንዲያመጡ ንገራቸው፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ በትን። መልቲሜትሩ በማይሠራበት ጊዜ ባትሪው ይውጣ። ኮታችሁ ከተጀመረ ወዲህስ ስንት ዕቃ ተሰበረ?

ነጭ ጠመኔ

አንድ ቢከር። እሱንም የሰበርኩት እኔው ነኝ።